ቤተ ክርስቲያን ስንል ምን ማለታችን ነው?

በእሑድ ረፋድ ነጠላዋን አጣፍታ የምትመለስ እናት ከየት እንደ መጣች ብትጠየቅ «ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ» ትላለች። እንዲህ ስትል የግቢውን በር፣ ቀጥሎም የሕንጻውን ግድግዳ ተሳልማ መምጣቷን መናገሯ ነው። ያቺው እናት በሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ከሰኞ ጀምሮ ጾም ነው ብላለች» ስትል ግን ግድግዳው ተናገረ ማለቷ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለ አባቶችና ሲወርድ ሲዋረድ ስለ መጣው ሥርዓት መናገሯ ነው። «ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን አጣች» ብላ ስታዝን ደግሞ የምታስበው ስለ ምእመናኑ ነው። አንድ ቃል ሦስት ነገር ተሸክሞ ሲሄድ ተናጋሪዋ አትደናገርም፤ ሰሚውም አይሳሳትም።

መደናገሩ የሚመጣው ጥያቄው ፊት ለፊት ሲቀርብ ነው። «እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ ካለ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለምን አስፈለገ? እቤቴ ሆኜ ብጸልይ ምን ይጎድልብኛል? የሚያገለግሉባት ሰዎች እንደ እኔው ኃጢአተኞች ከሆኑ ቅድስት የምትባለው በምኗ ነው?» እነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ በቅንነት የሚነሡ ናቸውና በቁጣ ሊመለሱ አይገባቸውም። በእኔ እምነት የአብዛኞቹ መልስ የሚጀምረው ቤተ ክርስቲያን ከሚለው ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ የምከተለው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የሚነገረውን አስተምህሮ ሲሆን፣ ሌሎች ክርስቲያኖች የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ እርሱን እጠቁማለሁ።

አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ቤተ ክርስቲያን «ኤክሌሲያ» ትባላለች። ቃሉ መጀመሪያ የሃይማኖት ቃል አልነበረም፤ በግሪክ ከተሞች ዜጎች ተጠርተው ወጥተው የከተማቸውን ጉዳይ የሚመክሩበት ሸንጎ ስም ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 በኤፌሶን ስለ ተነሣው ሁከት ሲተረክ የከተማይቱ ጸሐፊ ሕዝቡ ነገሩን «በተደነገገው ጉባኤ» እንዲፈታ ሲመክር ግሪኩ የሚጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ደግሞ እስራኤል በእግዚአብሔር ፊት የሚቆሙበትን ጉባኤ፣ ዕብራይስጡ «ቃሃል» የሚለውን፣ ብዙ ጊዜ «ኤክሌሲያ» ብለው ተርጉመውታል። ስለዚህ ሐዋርያት ይህን ቃል ሲያነሡ አድማጮቻቸው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይታያቸው ነበር፤ አንደኛው በአዋጅ የተጠራ ሸንጎ፣ ሁለተኛው በሲና ተራራ ግርጌ የቆመ የእግዚአብሔር ሕዝብ ነው። በሁለቱም ውስጥ ሕንጻ የለም። ጠሪ አለ፣ ጥሪ አለ፣ ተጠርተው የመጡ ሰዎች አሉ።

የእኛ አባቶች ግን ይህን በግእዝ ሲጠሩ «ጉባኤ» ብለው ብቻ አልተዉትም፤ «ቤተ ክርስቲያን» አሉት። በግእዝም ሆነ በአማርኛ «ቤት» ማለት ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ «ቤተ እስራኤል»፣ «ቤተ ያዕቆብ»፣ «ቤተ ዳዊት» ሲል የሚናገረው ስለ ወገን፣ ስለ ትውልድ፣ በአንድ አባት ስም ስለሚጠሩ ሰዎች ነው። የአይሁድን እምነት የያዙ ወገኖቻችን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ሲሉ አንድም የድንጋይ ካብ አላሰቡም። በየዕለቱ ከአፋችን የማይጠፋው «ቤተሰብ» የሚለው ቃል እንኳ «ቤተ ሰብእ»፣ የሰው ቤት፣ ከሚለው የወጣ ነው። በሌላ በኩል ላሊበላ የደረሰ ሰው ከአለት ተፈልፍለው የቆሙትን ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ጊዮርጊስን በዓይኑ አይቶ በእጁ ይዳስሳል፤ እነዚያም «ቤተ» ይባላሉ። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ስም ክርስቲያኖች የሚገቡበትን ቤት ከነደጃፉ፣ ክርስቲያኖች በአንድነት የሆኑትን ቤት ደግሞ ከነዝምድናው በአንድ ላይ ይዞ ይኖራል። ሌላው ሰው ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ የሚደክምበትን ነገር ቋንቋችን አስቀድሞ አስታርቆ አስረክቦናል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በአብነት ትምህርት ቤትም ሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚሰጠው የታወቀ ማብራሪያ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ትርጉም አላት ይላል፤ የጸሎቱ ሕንጻ፣ እያንዳንዱ ምእመን፣ የምእመናን አንድነት። ሁለተኛው ትርጉም ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ይደገፋል፤ «የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደ ሆናችሁ የእግዚአብሔርም መንፈስ እንዲኖርባችሁ አታውቁምን?» ይላልና። ነገር ግን ይህን ጥቅስ ይዘው «እኔው ራሴ ቤተ ክርስቲያን ከሆንሁ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አያሻኝም» የሚሉ አሉ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሐዋርያው «እንደ ሆንህ» አላለም፤ «እንደ ሆናችሁ» አለ። የተናገረው ለአንድ ማኅበር፣ ያውም እርስ በርሱ «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» እያለ ይከፋፈል ለነበረ ማኅበር ነው። አንድ ድንጋይ የቤት ድንጋይ የሚሆነው ከጎኑ፣ ከሥሩና ከላዩ ሌላ ድንጋይ ሲኖር ነው። ብቻውን በሜዳ የወደቀ ድንጋይ የቱንም ያህል ተጠርቦ ቢያምር ቤት አይባልም።

ከአራቱ ወንጌላት «ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ቃል የሚገኘው በማቴዎስ ወንጌል ብቻ ነው፤ እርሱም በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ቅዱስ ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ነህ» ብሎ ከመሰከረ በኋላ ጌታ «በዚችም ዓለት ላይ ቤተ ክርስቲያኔን እሠራለሁ፥ የገሃነም ደጆችም አይችሉአትም» ያለበት ነው። ዓለቱ ማን ነው በሚለው ላይ ክርስቲያኖች ተለያይተዋል። ካቶሊኮች ጴጥሮስ ራሱና በመንበሩ የሚተኩት የሮም ጳጳሳት ናቸው ሲሉ፣ ኦርቶዶክሳውያን ዓለቱ ጴጥሮስ የመሰከረው እምነት ነው፤ ሥልጣኑም ለሐዋርያት ሁሉ ተሰጥቷል ይላሉ። ክርክሩ ትልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ በክርክሩ ጥላ ሥር ሁለት ቃላት እንዳይረሱ እሰጋለሁ። አንዱ «እሠራለሁ» የሚለው ነው፤ ሠሪው እርሱ ነው። ሌላው «ቤተ ክርስቲያኔን» የሚለው ነው፤ ባለቤቱም እርሱ ነው። ሁለተኛው ቦታ ወንድም ወንድሙን ሲበድል ምን እንደሚደረግ በሚናገረው በምዕራፍ 18 ነው፤ ብቻ ለብቻ ውቀሰው፣ ባይሰማህ ሁለት ሦስት ምስክር ይዘህ ሂድ፣ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገራት ይላል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በወንጌል በተጠራችባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ስለ እምነት፣ ሌላው ስለ ተጣሉ ወንድማማቾች ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሯት አለ።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የራሳቸው ሕንጻ አልነበራቸውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ከጰንጠቆስጤ በኋላ ያመኑት «በሐዋርያትም ትምህርትና በኅብረት እንጀራውንም በመቍረስ በየጸሎቱም ይተጉ ነበር» ተብሏል፤ እንጀራውን የሚቆርሱትም በየቤታቸው ነበር። ጳውሎስ በመልእክቶቹ መጨረሻ «በቤታቸው ላለች ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ አቅርቡ» እያለ የሚጽፈው ለዚህ ነው። በሶርያ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዱራ ኤውሮጶስ ፍርስራሽ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ቁፋሮ የተገኘው የ3ኛው መቶ ዘመን የክርስቲያኖች መሰብሰቢያ ተራ የመኖሪያ ቤት ነበር፤ ግድግዳ አፍርሰው ክፍሉን አስፍተው፣ በአንደኛው ክፍል ደግሞ የጥምቀት ገንዳ ሠርተውበታል። ታላላቅ ሕንጻዎች በብዛት መታነጽ የጀመሩት በ313 እ.ኤ.አ. በሮም ግዛት ለክርስቲያኖች ነጻነት ከታወጀ በኋላ ነው።

ታዲያ ሕንጻው ትርፍ ነገር ነውን? አይደለም። በየዓመቱ በጥምቀት ከተራ ታቦታቱ ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ፤ በድንኳን ያድራሉ፤ ሌሊቱን በዚያው ማኅሌቱ ይቆማል፣ ቅዳሴው ይቀደሳል። ያን ሌሊት የደብሩ ሕንጻ ባዶውን ያድራል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሜዳ ላይ በድንኳን ውስጥና በድንኳኑ ዙሪያ ናት። በማግስቱ ታቦቱ በእልልታና በሆታ ተመልሶ ወደ መንበሩ ሲገባ ሕንጻው እንደገና ክብሩን ያገኛል። ሕንጻ ያለ ታቦት፣ ታቦትም ያለ ቅዳሴ፣ ቅዳሴም ያለ ሕዝብ እንደማይሆን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ሕንጻውም ራሱ መምህር ነው፤ መዘምራን የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት፣ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ ታቦቱ ያለበት መቅደስ ተብሎ በሦስት መከፈሉ፣ ሰው ወደ እግዚአብሔር የሚቀርበው በደረጃ፣ በዝግጅትና በአክብሮት መሆኑን ማንበብ ለማይችለውም ሰው ያስተምራል።

የቤተ ክርስቲያን ዓላማ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ትምህርት መስጠት፣ ወንጌልን ማዳረስ፣ ድኾችን መርዳት እያሉ መዘርዘር ይቻላል፤ ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የሁሉም ምንጭ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቅዳሴ ነው። ስለዚህ ቅዳሴውን ቀረብ ብለን እንመልከተው።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በምሥራቅ በኩል አንዲት ትንሽ ቤት አለች፤ ስሟ ቤተልሔም ነው። «ቤተልሔም» በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ዲያቆኑ ለቍርባን የሚሆነውን የስንዴ ኅብስት የሚጋግረው፣ ዘቢቡንም ዘፍዝፎና ጨምቆ ወይኑን የሚያዘጋጀው በዚያች ቤት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ጥላ ተዘርግቶለት፣ ቃጭል እየተመታለት ወደ መቅደስ ይሄዳል፤ ቃጭሉን የሰማ ሁሉ በያለበት ይሰግዳል። ማንም ተመልካች ሊያስተውለው እንደሚችለው፣ ወደ መሠዊያው የሚቀርበው የገበሬው ስንዴና ውኃ ነው፤ ከቤተ ሰብ ማጀት የማይጠፋ ነገር ነው። ክርስቶስ ይህን ከሰው ተቀብሎ ለሰው ሥጋውንና ደሙን አድርጎ ይመልስለታል ብላ ቤተ ክርስቲያን ታምናለች።

ሌላም ነገር አለ። በሥርዓታችን አንድ ካህን ብቻውን ቅዳሴ መቀደስ አይችልም፤ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ በአጠቃላይ አምስት ልዑካን መገኘት አለባቸው። በገጠር አጥቢያ አንድ ዲያቆን ጎድሎ ቅዳሴ እንዳይታጎል ሌሊት ወንዝ ተሻግሮ ከጎረቤት ደብር ዲያቆን የሚፈለገው ለዚህ ነው። ልዑካኑ ብቻ ሳይሆኑ ሕዝቡም ድርሻ አለው። ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲል ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ይመልሳል፤ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል። መላሽ ከሌለ ጸሎቱ አይሄድም። ከቍርባኑ በፊትም ዲያቆኑ ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ ብሎ ያውጃል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በግራና በቀኙ ላለው፣ ስሙን ለማያውቀው ሰው ጭምር ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሣል። ከጎኑ ከቆመው ጋር ያልታረቀ ሰው ወደ ቍርባኑ እንዲቀርብ አይፈቀድለትም።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ምእመናን ሰሙነ ሕማማቱንና ትንሣኤውን በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተከታትለዋል። ዜማው ሳይቋረጥ ይሰማል፤ ትምህርቱም ይደርሳል፤ ስግደቱንም ሰው በሳሎኑ ወለል ላይ ሰግዶታል። አንድ ነገር ግን በመስኮት ብርጭቆ በኩል እንደሚታይ ማዕድ ሆኖ ቀረ። ቃል በስክሪን ያልፋል፤ እንጀራ አያልፍም። እቤቴ ብጸልይ ምን ይጎድለኛል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል። የግል ጸሎት የታዘዘ ነው፤ ጌታም «ወደ እልፍኝህ ግባ» ብሎ አስተምሯል። እልፍኝ ግን ማዕዱን አይተካም። ሐዋርያው እንዳለው «አንድ እንጀራ ስለ ሆነ፥ እኛ ብዙዎች ስንሆን አንድ ሥጋ ነን»፤ አንድ የሚያደርገን አብረን መኖራችን ብቻ ሳይሆን ከአንዱ መብላታችን ነው።

ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ዝምድና ምሳሌ ብቻ አድርጋ አታየውም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ አዲስ ስም፣ በአንገታቸው ማዕተብ፣ በሕይወታቸውም የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ያገኛሉ። ይህ ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቆጠር የክርስትና ልጅ ከዚያ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰር ቀኖና ይከለክላል። ሰው ሲያድግ ደግሞ የንስሐ አባት ይይዛል፤ የንስሐ አባትም ኃጢአት ሰሚ ብቻ አይደለም፤ ቤት ይባርካል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ያስታርቃል፣ ሲሞቱም ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳል። ሟቹ የሚቀበረው በዚያው ቅጽር ውስጥ ነው፤ ለቅዳሴ የሚመጣው ሕያው በአባቱና በእናቱ መቃብር መካከል አልፎ ይገባል። በዐፀደ ሥጋ ያሉትና በዐፀደ ነፍስ ያሉት አንድ ቤት ናቸው የሚለው ትምህርት መጽሐፍ ሳይገለጥ በዚህ ይታወቃል። በ3ኛው መቶ ዘመን የካርታጎ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ ቤተ ክርስቲያን እናቱ ያልሆነችለት ሰው እግዚአብሔር አባቱ ሊሆንለት አይችልም ብሎ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ከፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎች አንዱ የሆነው ካልቪንም ቤተ ክርስቲያንን የምእመናን እናት ብሎ ጠርቷታል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ተጀምሮ በ381 እ.ኤ.አ. በቍስጥንጥንያ የተሟላው ጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት» ይላል። አንዲት፣ ቅድስት፣ ከሁሉ በላይ የሆነች፣ የሐዋርያት ጉባኤ ናት ማለት ነው። በየቀኑ የምንሰማው ደግሞ የገንዘብ ክስ፣ የሥልጣን ሽኩቻ፣ የዘር መከፋፈል ነው። ቅድስት የምትባለው በምኗ ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አፍሪካ በስደቱ ጊዜ ፈርተው ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች አሳልፈው የሰጡ ካህናት ነበሩ፤ ዶናቲስቶች የተባሉት ወገኖች በእንደነዚህ ያሉ ሰዎች እጅ የተፈጸመ ጥምቀትና ክህነት አይረባም፣ ቤተ ክርስቲያን የንጹሖች ብቻ ናት አሉ። በጉባኤ የተሰበሰቡ አባቶች፣ በኋላም የሂጶ ጳጳስ አውግስጢኖስ፣ ምሥጢሩ የክርስቶስ እንጂ የካህኑ አይደለም፤ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ይኖራሉ ብለው መለሱ። የእኛው ቅዳሴ ይህን ክርክር በሁለት መስመር ይዘጋዋል። ካህኑ ሥጋ ወደሙን ከማቀበሉ በፊት «ቅድሳት ለቅዱሳን»፣ የተቀደሰው ለተቀደሱት ነው፣ ይላል። ሕዝቡ «እኛ ቅዱሳን ነን፣ ስጠን» ብሎ አይመልስም። «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይመልሳል። ቅዱሱ እርሱ ነው፤ እኛ ቅድስናውን ልንቀበል የመጣን ነን። የቤቱ ንጽሕና ከባለቤቱ ነው። ይህ ግን ለበደለኛ አገልጋይ መሸሸጊያ አይሆንም፤ ምሥጢሩ በእጁ ስላልረከሰ እርሱ ከፍርድ ያመልጣል ያለ አባት የለም፤ የተበደለ ሰውም ዝም እንዲል የሚያዝ ቀኖና የለም፤ «ለቤተ ክርስቲያን ንገራት» የሚለው ቃል ለእርሱም የተሰጠ ነው።

«አንዲት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያማል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በአገር ቤትና በስደት ለሁለት ተከፍሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። በአሜሪካ የሚኖር ምእመን አንድ ከተማ ውስጥ በአገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር ያለ፣ በስደተኛው ሥር ያለና «ገለልተኛ» የሚባል አጥቢያ ያገኝ ነበር፤ ወንድምና እህት በተለያየ አጥቢያ ያስቀድሱ ነበር፤ ሠርግና ልቅሶ ሲመጣ የሚጠራው ካህን ራሱ መከራከሪያ ይሆን ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ወርዶ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰው ያለቀሰው ስለ አስተዳደር ጉዳይ አልነበረም። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሁለቱም ወገኖች የሚቀድሱት በአንድ ቅዳሴ ነበር፤ የተለያየ ማዕድ ላይ ቆመው «በአሐቲ ቤተ ክርስቲያን» እያሉ ይጸልዩ ነበር። ጌታ በመጨረሻው ሌሊት ሁሉም አንድ ይሆኑ ዘንድ የጸለየው ዓለም እንዲያምን ነው፤ ስለዚህ መለያየት የምስክርነት ጉድለት ነው።

በቤተ እምነቶች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ስለ አንድነቱ መልክ ነው። የሉተር ተከታዮች በ1530 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ባቀረቡት የእምነት መግለጫ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል በንጽሕና የሚሰበክባት፣ ምሥጢራትም በትክክል የሚፈጸሙባት የቅዱሳን ጉባኤ ናት አሉ፤ ከእነርሱ ወዲህ ብዙ ወንጌላውያን እውነተኛይቱ ቤተ ክርስቲያን በየቤተ እምነቱ ያሉ አማኞችን ሁሉ የያዘች፣ እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቃት የማትታይ ማኅበር ናት ብለው ያስተምራሉ። ኦርቶዶክሳውያን የማትታየውን ከምትታየው መለየት አይቀበሉም፤ ቃል ሥጋ ሆኖ እንደ ታየ ሁሉ አካሉም በእምነት፣ በምሥጢራትና ከሐዋርያት በተያያዘ ክህነት ትታያለች ይላሉ። «ጉባኤ ዘሐዋርያት» የሚባለውም ይህ መያያዝ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ መጣ፤ ሰንሰለቱም ሳይበጠስ ቆይቶ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ።

ቤት በሩ ወደ ውጭም ይከፈታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ዲያቆናት የተሾሙበትን ምክንያት ይነግረናል፤ በዕለት ምግብ እደላ አንዳንድ መበለቶች ችላ ስለ ተባሉ ሐዋርያት ማዕድ የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች መረጡ። ከቤተልሔም ኅብስቱን ይዞ የሚወጣው ዲያቆን የሹመቱ መነሻ የተራቡ መበለቶች ናቸው፤ በመቅደስ ያለው ማዕድና ከበር ውጭ ያለው ማዕድ በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተዋል። ሰንበቴ የሚባለው ልማዳችንም ከዚሁ የተቀዳ ነው። ተራ የደረሰው አባወራ ዳቦውንና ጠላውን ለእሑድ ያዘጋጃል፤ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በግቢው ካለው የሰንበቴ ቤት ይሰበሰባል፤ «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ባለበት ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ በሩ ላይ የተቀመጡ ነዳያንም ድርሻቸውን ይቀበላሉ። ዛሬ በብዙ ከተማ ሰንበቴው እየሳሳ፣ ሰው ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ መኪናው እየሄደ መሆኑ ያሳዝነኛል። በባዕድ አገር በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ የሚያስቀድሱ ወገኖች ከቅዳሴ በኋላ ወንበሩን አሰባስበው አብረው ሲበሉ ሳይ ግን፣ ሕንጻ የሌላቸው እነርሱ ቤቱን አጥብቀው እንደ ያዙት ይሰማኛል።

ቅዳሴው ሲያልቅ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ያሰናብታል። «ሂዱ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ነገር ግን «አተወ» የሚለው የግእዝ ግሥ ወደ ቤት መግባትን፣ ወደ ቤት መመለስን የሚናገር ነው። ከቤት ወደ ቤት ይሰዳቸዋል ማለት ነው። ያቺ ነጠላዋን ያጣፋች እናት በዚያ ቃል ተሰናብታ ትወጣለች፤ በሩ ላይ ለተቀመጡት ነዳያን የቋጠረችውን ትሰጣለች፤ ከዚያም በሃይላንድ የቀዳችውን ጠበል ይዛ፣ ታመው አልጋ ላይ ወደ ዋሉት ጎረቤቷ ታመራለች። በሩን ገፋ አድርጋ «እንዴት አደሩ? ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ» ትላቸዋለች፤ እርሳቸውም እጇን ይስማሉ።